ኦፕን ሶርስ ስንት ያወጣል?

ለቤተ መጻሕፍት ኮሃ የተባለውን ኦፕን ሶርስ የካታሎግና የውሰት ሶፍትዌር መትከል ሥራዬ ነው። የጨረታ ሰነዱ «የፈቃድ ዋጋ» የሚል ረድፍ አለው፤ እኔም ዜሮ እሞላበታለሁ። የግዥ ኮሚቴዎች ዜሮ አይወዱም። አንዱ «ምን ቢጎድለው ነው?» ይላል፤ ሌላው «ነፃ ከሆነ እናንተ የምን ገንዘብ ነው የምትጠይቁን?»። የሁለተኛው ጥያቄ ደኅና ጥያቄ ነው።

ሲጀመር፣ ዜሮ ሙላ ያለኝ ሕግ የለም። ኮሃ የሚሠራጭበት፣ ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ሦስተኛ እትም ለአንድ ቅጂ የፈለጉትን ያህል ማስከፈል እንደሚቻል በግልጽ ይናገራል። የፈቃዱ አባት ሪቻርድ ስቶልማን ራሱ በ1985 እ.ኤ.አ. ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም በቴፕ እየቀዳ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ኤምአይቲን ለቆ ስለነበር መተዳደሪያ ያስፈልገው ነበር። ክልከላው ሌላ ቦታ ነው። የሸጥክለትን ሰው «አንተ ግን ለሌላ አትስጥ» ልትለው አትችልም፤ ሶርስ ኮዱንም አትነፍገውም። መቶ ሺህ ብር የከፈለኝ ደንበኛ ነገ ለጎረቤቱ በምርቃት ቢሰጠው አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። የቅጂውን ዋጋ ወደ ታች የሚጎትተው ይኼ ነው።

ገንዘቡ ያለው ቅጂው ውስጥ አይደለም። አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ካታሎግ ሠሪዋ «ሐዲስ ዓለማየሁ» ብላ መዝግባለች፤ ተማሪው «ሀዲስ አለማየሁ» ብሎ ይፈልጋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸውና «አልተገኘም» ይላል። ስለዚህ ሀንና ሐን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ከነእርባታቸው እንደ አንድ እንዲያይ ለፍለጋ ሞተሩ ደንብ እጽፍለታለሁ። ከዚያ የስም ጣጣ ይመጣል። የውጭ መዝገብ እያየ የለመደ ሠራተኛ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ «አለማየሁ፣ ሀዲስ» ብሎ ያስገባል። ማርክ በተባለው የካታሎግ አመዘጋገብ መስክ 100 ላይ የመጀመሪያዋ አመልካች 0 ከሆነች ስሙ በራስ ስም ይጀምራል፤ 1 ከሆነች በቤተሰብ ስም። ይህችን አንዲት አኃዝ ለማስለመድ የሚፈጀው ሥልጠና ከተከላው ይበልጣል። (ከተከላው ይልቅ ይኼን ሥራ እወደዋለሁ።)

ደንቦቹን የማስረክበው በዚያው በጂፒኤል ነው። ፋይሉ ከአንዱ ቤተ መጻሕፍት ወደ ሌላው ሲሄድ አንዳንዴ እኔም እጠራለሁ፣ አንዳንዴ አልጠራም። ውል ውስጥ ማገጃ እንዳስገባ የመከሩኝ አሉ። የሊኑክስ ኩባንያው ሬድ ሃት ለዚህ የሚቀርብ ነገር አድርጓል፦ በ2023 እ.ኤ.አ. የድርጅት ሊኑክሱን ሶርስ ኮድ ለደንበኞቹ ብቻ ወስኗል፤ ያንን ለሌላ የሚያሠራጭ ደንበኛም ውሉ ሊቋረጥበት ይችላል። ፈቃዱን ጥሷል የሚለው ክስ አያሳምነኝም፤ ሆኖም አልወደድኩትም። ራሱ ያደገው ከሌሎች በተቀበለው ኮድ ነውና።

ከዚያ ይልቅ የኮሃ አወላለድ ይማርከኛል። በ1999 እ.ኤ.አ. በኒው ዚላንድ የሆሮዌኑዋ ቤተ መጻሕፍት አሮጌው ሥርዓቱ ወደ 2000 እ.ኤ.አ. እንደማይሻገር ሲያውቅ ካቲፖ የተባለውን ድርጅት ቀጥሮ አዲስ አሠራ፤ ከዚያም በጂፒኤል እንዲለቀቅ ሆነ። ፕሮግራመሮቹ የድካማቸውን ያገኙት ኮዱ ሳይለቀቅ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣነው ሁሉ የራሳችንን ድካም ብቻ ነው የምንሸጠው።

ይህን ድካም ስሸጥ የሚከብደኝ የሁለተኛው ዓመት የጥገና ውል ነው። ሰርቨሩ ሳይቆም ዓመቱ ካለፈ «ምን ሠራችሁልን?» መባሉ አይቀርም። አሁን ባክአፑን በየሦስት ወሩ ሌላ ማሽን ላይ እከፍትና የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ባሉበት አንድ የጠፋ መዝገብ እመልሳለሁ። ሪፖርቱ ላይ ይፈርማሉ፤ ሒሳቤንም ከዚያው ጋር አያይዛለሁ።