ማኅተም ያዥዋ የለችም

ባለፈው ጳጉሜን ለአንዲት ደብዳቤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ደብዳቤው ተጽፏል፤ ኃላፊው ፈርመውበታል፤ ቲተራቸውም ተመትቶበታል። የቀረው ክቡ ማኅተም ብቻ ነው። «ማኅተም ያዥዋ የለችም፤ ነገ ይምጡ» ተባልኩ። በነጋታው ተመለስኩ፤ ለቅሶ ሄዳለች። በሦስተኛው ቀን ተገኘች። መሳቢያዋን ከፍታ ማኅተሙን ቀለም አስነካችና ደብዳቤዬ ላይ ጠቅ! አለቀ። ሦስት ቀን የተመላለስኩት ለዚህች «ጠቅ» ነው።

ሴትየዋ ለቅሶ መድረሷን አልነቅፍም፤ እኔም እደርሳለሁ። የሚከነክነኝ፣ ከፈረመው ሰው ይልቅ ጎማውን ማመናችን ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ከወጣ እንኳ ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ስንት ዓመቱ! መሳቢያው ግን ወሬውን የሰማ አይመስልም።

ለመሆኑ ይሄ የምንርድለት ማኅተም ምንድን ነው? የተቀረጸ ጎማ ነው። ጎማው ስስ ስፖንጅ ላይ፣ ስፖንጁ ደግሞ እጀታ ላይ ይለጠፋል። በቃ! በሌላው ዓለም ብዙ ሰው ይህንኑ ጎማ አበባና ወፍ ቀርጾበት የመልካም ምኞት ካርድ ያስጌጥበታል። እኛ ዘንድ ግን ማኅተምና ደስታ አይተዋወቁም።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የእህቴ ልጅ ለጎረቤት የሚያድለውን የአበባ ሥዕል ልግዛ ብሎ ገንዘብ ጠየቀኝ። እንዴ! እኛ እኮ በልጅነታችን ከለሩን በጥብጠን ራሳችን ነበር የምንስለው። ጠማማም ቢሆን የእኛ ነበር። አሁን ሥዕሉ ታትሞ ይሸጣል፤ ልጁ አመላላሽ ብቻ ሆኗል። «ና፣ ማኅተም እንሥራ» አልኩት።

ትልቅ ላጲስ ላይ አደይ አበባ ቀረጽን። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ስስ ስፖንጅ ቆርጠን ከሥሩ አደረግን፤ ሁሉንም በማስቲሽ ከእንጨት ቁራጭ ጋር አጣበቅን። ስፖንጁ የእጅ ግፊት ለቅጠሉም ለግንዱም እኩል እንዲደርስ ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ተበላሹ። ልጁ ላጲሱን ቀለም ውስጥ ደፍቆ፣ እንደ ቡና ሙቀጫ እየደቃ፣ ወረቀቱ ላይ እያወዛወዘ ነበር የሚያትመው። ቀለሙን በስሱ አስነክቶ፣ ከወረቀቱ ሥር ደብተር አንጥፎ፣ አንዴ ቀጥ አድርጎ ተጭኖ ቀጥ አድርጎ ሲያነሳ አበባው ጥርት ብሎ ወጣ። እርግጥ ቤት ያለው የማኅተም ቀለም ሰማያዊ ብቻ ስለሆነ አደይ አበባችን ሰማያዊ ሆነች። መሃሏን በቢጫ እርሳስ አስታረቅናት።

ቀጥሎ ስሙን ማኖር ፈለገ። ስሙ በ«ሳ» ይጀምራል። «ሳ»ን እንደሚጽፋት ቀረጻትና ሲያትማት «ሶ» ሆና ወጣች! ቀኝ እግሯ ወደ ግራ ዞረ። ማኅተም ላይ ቀና ሆኖ እንዲወጣ የፈለግከውን ገልብጠህ መቅረጽ እንዳለብህ በዚያች ፊደል ተማረ። በሁለተኛው ላጲስ «ሶ» ቀርጾ «ሳ» አገኘ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው? የእናቱ የመብራት ደረሰኝ እንኳ አላመለጠም።

በበዓሉ ጠዋት ለጎረቤታችን እማማ አንዷን ይዞላቸው ገባ። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩና «ይቺን ደግሞ ማን ሠራት?» አሉ።

«እኔ ነኝ! ይኸው ስሜ!» አለ፣ ጣቱን «ሳ» ላይ አድርጎ።

እኔ ትዝ ያለኝ ያ መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ «ይህን የወሰነው ማን ነው?» ብትሉ ኃላፊው ወደ ማኅተም ያዥዋ፣ እሷ ወደ ኃላፊው፣ ሁለቱም ወደ መሳቢያው ይጠቁሟችኋል። ክቡ ማኅተም የመሥሪያ ቤቱን ስም ዙሪያውን ይጽፋል እንጂ «እኔ ነኝ» የሚል ሰው መሃሉ የለም። የልጁ ላጲስ ግን ባለቤት አላት። ማኅተምስ ድሮም የተፈለገው የባለቤቱን ቃል እንዲመሰክር እንጂ ባለቤቱን እንዲሸሽግ አልነበረም።

ለመጪው እንቁጣጣሽ ላጲስና ማስቲሽ ግዙ። ለመሥሪያ ቤቶቻችንም «እኔ ነኝ» የሚል ሰው ይስጥልን።