ዕቃ፥ ንዋይ፥ መሣሪያ፤ ስለ ሦስቱ ቃላት ምሥጢር የተጻፈ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ፈጥኖ የሚሰናከለው በማያውቀው ቃል አይደለም፤ አውቀዋለሁ በሚለው ቃል ነው። የማያውቀው ቃል ሲያጋጥመው ቆሞ መምህሩን ይጠይቃልና፤ የሚያውቀው ሲያጋጥመው ግን እንደ ቤቱ ደጃፍ ሳያስተውል ያልፈዋል። ዕቃ የሚለውም ቃል እንዲህ ካሉት ቃላት አንዱ ነው። ስለዚህ በዚህች አጭር ሐተታ ዕቃ፥ ንዋይ፥ መሣሪያ የሚባሉት ሦስቱ ቃላት በቅዱሳት መጻሕፍት ስንት ፍቺ እንዳላቸው፥ ከየት እንደ መጡ፥ ደግሞም በአገራችን አፍ እንዴት እንደ ጠበቡ እንመለከታለን። መጥበባቸው ነፍስን የሚጎዳበት ስፍራ አለና ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም።

አስቀድሞ በአፋችን ያለውን እንቍጠር። ድስትና ምጣድ የቤት ዕቃ ነው። ሞፈርና ቀንበር፥ ማረሻና ድግር የእርሻ ዕቃ ነው። ኮርቻና ልጓም የበቅሎ ዕቃ ነው። ነጋዴ ጭኖ ወደ መተማ ገበያ የሚያገባው ሁሉ፥ ጨርቅም ቢሆን ሳሙናም ቢሆን፥ ዕቃ ነው። ሕፃናት በጭቃና በስባሪ ገል ቤት ሠርተው ሲጫወቱ ጨዋታቸው ዕቃ ዕቃ ይባላል። በቤተ ክርስቲያንም ቅጽር ውስጥ ንዋየ ቅድሳቱ የሚጠበቅበት ዕቃ ቤት አለ። እንግዲህ ይህ አንድ ቃል ከሕፃን መጫወቻ ተነሥቶ ጻሕልና ጽዋው እስካሉበት ድረስ ይደርሳል።

ይህ ስፋት የአማርኛ ድኽነት አይምሰለን፤ የመጽሐፍም ልማድ እንዲሁ ነው። በዕብራይስጥ ክሊ የሚባለው ቃል አንድም ማሰሮ፥ አንድም ጌጥ፥ አንድም የጦር መሣሪያ፥ አንድም የዜማ መሣሪያ፥ አንድም ጓዝ ነው። ይስሐቅ ዔሳውን ለአደን ሲልከው ያዝ ያለው ክሊ ቀስትና የፍላጻ ማኅደር ነው፤ ዘፍጥረት ምዕ. 27 ቍ. 3። ኤልሳዕ ኤልያስን ሊከተል በተነሣ ጊዜ የበሬዎቹን ሥጋ ያበሰለበት ክሊ የእንጨት የእርሻ ዕቃቸው ነው፤ ቀዳማዊ ነገሥት ምዕ. 19 ቍ. 21። ሳኦል ለመንግሥት ሲፈለግ የተሸሸገበት ክሊ የሰፈር ጓዝ ነው፤ ቀዳማዊ ሳሙኤል ምዕ. 10 ቍ. 22። ኢሳይያስም በምዕራፍ 18 ከኩሽ ወንዞች ማዶ ስላለው አገር ሲናገር መልእክተኞች በውኃ ላይ የሚላኩበትን የደንገል ክሊ ያነሣል፤ ይህም ታንኳ ነው። ጣናን ያየ ሰው ይህን ያለ ብዙ ድካም ያስተውለዋል፤ በጣና ላይ የደንገል ታንኳ ይሄዳልና።

ከሁሉ ይልቅ ግን ይህን ቃል ሊያጠና የሚወድ ሰው የዳዊትንና የጎልያድን ታሪክ፥ ቀዳማዊ ሳሙኤል ምዕራፍ 17ን፥ ይመልከት። ዳዊት ወደ ሰልፉ ሲሮጥ ለጠባቂ ትቶት የሄደው ስንቅና ጓዝ ክሊ ይባላል፤ ቍ. 22። አምስቱን ድብልብል ድንጋዮች የከተተበት የእረኛ ኮረጆ ክሊ ይባላል፤ ቍ. 40። ጎልያድ ከወደቀም በኋላ ዳዊት በድንኳኑ ያኖረው የጦር መሣሪያ ክሊ ይባላል፤ ቍ. 54። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ሦስት ነገር ሆነ። ሳኦል ያለበሰውን የራስ ቍርና ጥሩር ዳዊት አውልቆ ትቶ፥ በጎልያድ ዓይን ዕቃ ተብሎ በማይቈጠር ዕቃ ድል አደረገ። በአማርኛ ሲነበብ ጓዙ ጓዝ፥ ኮረጆው ኮረጆ፥ መሣሪያውም መሣሪያ እየተባለ ይለያያልና ይህ ትስስር አይታይም። አንባቢው ታሪኩን ያገኛል፤ የታሪኩ ማሠሪያ ግን ያመልጠዋል።

በጽርእም ስኬዎስ የሚባለው ቃል እንዲሁ ሰፊ ነው። የኀይለኛው ሰው የቤት ንብረት፥ ማቴዎስ ምዕ. 12 ቍ. 29፤ ጴጥሮስ በራእይ ያየው እንደ ሸማ ሆኖ ከሰማይ የወረደው፥ ግብረ ሐዋርያት ምዕ. 10 ቍ. 11፤ በማዕበል ጊዜ ያወረዱት የመርከብ ዕቃ፥ ግብረ ሐዋርያት ምዕ. 27 ቍ. 17፤ ሁሉም በዚህ አንድ ስም ይጠራሉ። ጌታችንም ለሐናንያ ስለ ሳውል ሲነግረው በዚሁ ቃል ጠራው፤ ግብረ ሐዋርያት ምዕ. 9 ቍ. 15። እንግዲህ ምርጥ ዕቃ ማለት ምንድር ነው? አንድም ማሰሮ ውኃን እንዲይዝ ስሙን በውስጡ የሚይዝ ማለት ነው። አንድም መርከብ ሰውን እንዲያሻግር ስሙን ወደ አሕዛብና ወደ ነገሥታት የሚያደርስ ማለት ነው። አንድም መጥረቢያ በጠራቢው እጅ እንዲሠራ በእግዚአብሔር እጅ የሚሠራ ማለት ነው። ሦስቱም ፍቺ ይስማማል፤ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም።

አሁን ወደ ቃላቱ ምንጭ እንግባ። ግእዙ ለዕቃ ንዋይ ይላል። ጻሕል፥ ጽዋ፥ ዕርፈ መስቀል ንዋየ ቅድሳት ናቸው። ከበሮና ጸናጽል ንዋየ ማሕሌት ናቸው። የጦር መሣሪያም ንዋየ ሐቅል ይባላል፤ ሐቅል ሜዳ ማለት ነውና ወደ ሜዳ የሚወጣ ሰው የሚይዘው ዕቃ ማለት ነው። የጥንት ነገሥታትም በዚህ ቃል ስም አውጥተዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1344 እስከ 1372 የነገሡት ዐፄ ሰይፈ አርዕድ የመንግሥት ስማቸው ንዋየ ክርስቶስ ነበረ፤ ከእርሳቸው ቀጥለው እስከ 1382 የነገሡትም ዐፄ ንዋየ ማርያም ይባላሉ። አንዱ ንጉሥ በአንድ ስማቸው ሰይፍ፥ በሌላው ስማቸው ዕቃ ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ ግን በገበያ ንዋይ ቢሉ ገንዘብ ብቻ ይመስላል፤ ፍቅረ ንዋይም የገንዘብ ፍቅር ነው።

መሣሪያ የሚለው ቃል ሠራ ከሚለው ግስ ይወጣል፤ ሠራም የግእዙ ሠርዐ ነው። ሠርዐ ማለት አሰናዳ፥ ደነገገ፥ በየተራው አቆመ ማለት ነው። ሥርዐት ከዚሁ ግስ ይወለዳል። ስለዚህ መሣሪያና ሥርዐት የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ መሣሪያ በዘሩ ሥራ የሚሠራበት፥ የተበተነውም የሚሰናዳበት ነገር ነው። ማጭድም ዐፀደ ከሚለው ግስ የመጣ የግእዙ ማዕፀድ ነው።

ዕቃን ዐቀበ፥ ማለት ጠበቀ፥ ከሚለው ግስ ለማውጣት የሚሻ ሰው ቢኖር ምክንያቱ ያማረ ይመስላል፤ ዕቃ የሚጠበቅ ነገር ነውና፥ ዕቃ ቤትም የሚጠበቅበት ቤት ነውና። ነገር ግን የግሱ ሦስተኛ ፊደል ብ ወዴት እንደ ሄደች ሊነግረን ይገባል። ዐቃቢት፥ ዐቃቤ ሕግ፥ ዕቅብ በሚሉት ቃላት ሁሉ ብ በቦታዋ ጸንታ ትገኛለችና። የድምፅ መምሰል ብቻውን ዘር አይሆንም። የፍቺን ማማር አይቶ ዘርን መወሰን ልጅን በመልኩ ብቻ ለአባት እንደ መስጠት ነው።

ከዚህ በኋላ የተርጓሚዎችን ሥራ እንመዝን። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተተርጕሞ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዕቃ የሚለውን ቃል በብዙ ስፍራ በድፍረት ጠብቆታል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ሳውል የተመረጠ ዕቃ ተባለ። የሰው ሥጋ በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕ. 4 ቍ. 7 የሸክላ ዕቃ ተባለ። በኤፌሶን ምዕራፍ 6 ዕቃ ጦር፥ በሮሜ ምዕራፍ 6 ደግሞ የጦር ዕቃ ብሎ ማሰሮውንና ጦሩን በአንድ ስም አገናኘ። በ1ኛ ጴጥሮስ ምዕ. 3 ቍ. 7 ግን ጽርኡ ስኬዎስ ሲል አማርኛው ፍጥረት አለ። ተርጓሚው ሴትን ዕቃ ብሎ መጥራት ስድብ እንዳይመስል ፈርቶ ይሆናል ብለን ብንገምት አንነቅፈውም። ነገር ግን ጠባቂው ቃል ከዚያ ጠፋ። ጴጥሮስ ሚስትን ደካማ ዕቃ ሲል ባልን ዕቃ አይደለም አላለም፤ ሁለቱም የአንዱ ሸክላ ሠሪ ሥራ ናቸው፥ አንዱ ግን ይበልጥ በጥንቃቄ ይያዛል ማለቱ ነው። ብርጭቆን ከምጣድ ይልቅ የምንጠነቀቅለት ስለ ናቅነው አይደለምና። ሚስቱን እንደ ቤት ዕቃ የሚቈጥር ባል በዚህ ጥቅስ ሊደገፍ አይችልም፤ ዕቃ መሆኑን የረሳው እርሱ ነው።

ዕቃ የሚሠሩትንም መናቅ ከዚህ ጋር የሚሄድ ክፉ ልማድ ነው። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድቡትን በዐዋጅ ገሥጸዋል። እግዚአብሔር በኤርምያስ ምዕራፍ 18 ነቢዩን ትምህርት ሊያሰማው የላከው ወደ ንጉሥ ግቢ አይደለም፤ ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ነው። ጽዋውን እየሳሙ የጽዋውን ሠሪ መስደብ እንዴት ይሆናል?

የዚህም ሐተታ ዋናው ነገር የሚከተለው ነው። ከሦስቱ ቃላት ይልቅ የጠበበው መሣሪያ ነው። ጥንት መሣሪያ ሲባል የማን? ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ የአናጢ፥ የአንጥረኛ፥ የጦር እየተባለ ይለይ ነበርና። በአብርሃ ጅራ፥ በምዕራብ አርማጭሆም ሁሉ እስከ መተማ ድረስ፥ ዛሬ ሰው መሣሪያ አለው ከተባለ የማን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጠመንጃ ነው። ትጥቅ የሚለውም ቃል እንዲሁ ሆኗል፤ የወገብ መታጠቂያ የነበረው የጥይት ስም ሆነ። ብረት ቢባልም ማረሻ መሆኑ ቀርቶ ጠመንጃ ሆነ። ምክንያት የለውም አንልም። አገሩ የድንበር አገር ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ተዋግተው የወደቁት በዚሁ በመተማ ነው። ከዚያም ወዲህ ቆላው ጦር ያልጎበኘው ዘመን ብዙ አይደለም።

ቃል የሚጠበው ግን ሰው ወደሚወደው ወይም ወደሚፈራው ነገር ነው። ንዋይ ገንዘብ የሆነ ሰው ገንዘብን ስለ ወደደ ነው፤ መሣሪያ ጠመንጃ የሆነ ሰው ሰውን ስለ ፈራ ነው። ይህ በገበያ ሲነገር የቋንቋ ልማድ ነው። ወደ መጽሐፍ ንባብ ሲገባ ግን አደጋ ይሆናል። ሐዋርያው በሮሜ ምዕ. 6 ቍ. 13 ስለ ጽድቅ የጦር ዕቃ ሲናገር ጐልማሳው ትከሻውን ይዳስሳል፤ በትከሻውም ያለውን የጽድቅ ዕቃ ያደርገዋል። ሰባኪም ይህን ሰምቶ ዝም ቢል ወይም ቢያጸናው በደሉ የእጥፍ እጥፍ ነው።

ጥቅሱ የሚለው እንዲህ አይደለም። በዚያ ያለው የጽርእ ቃል ሆፕላ ነው፤ እርሱም የሥራ መሣሪያም የጦር መሣሪያም ይሆናል። ሐዋርያው መሣሪያ ያለው ብረትን አይደለም፤ የሰውን ብልቶች ነው። ዓይን፥ እጅ፥ ምላስ፥ እግር፤ እነዚህ ለጽድቅ ወይም ለዓመፃ የሚሰጡ መሣሪያዎች ናቸው። የኤፌሶኑንም ዕቃ ጦር አንድ በአንድ ብንቈጥረው ስድስት ነው፤ መታጠቂያ፥ ጥሩር፥ ጫማ፥ ጋሻ፥ የራስ ቍር፥ ሰይፍ። ከስድስቱ አምስቱ የሚጠብቁ ናቸው፤ የሚመታው አንዱ ብቻ ነው፥ እርሱም ቃለ እግዚአብሔር ነው። በዚያውም ምዕራፍ ቍ. 12 ጦርነቱ ከሥጋና ከደም ጋር እንዳልሆነ አስቀድሞ ተነግሯል። እንግዲህ በዚህ ጥቅስ ወንድሙን ሊያስፈራራ የሚወጣ ሰው የጥቅሱን ቃል ይዞ ፍቺውን በመንገድ ጥሎታል።

ድንበር አይጠበቅ፥ ወንበዴ አይከልከል ማለታችን አይደለም። የሚጠብቅ ሰው ይጠብቅ፤ ነገር ግን የያዘውን ዕቃ በስሙ ይጥራው፥ ከመሠዊያው ዕቃ ጋር አይቀላቅለው። ብልጣሶር በዳንኤል ምዕራፍ 5 የቤተ መቅደሱን ዕቃ ለስካር ባዋለ ጊዜ የእጅ ጽሕፈት ወጣበት። የተቀደሰውን ዕቃ ለርኩስ ሥራ ማዋል እንዲህ ካስፈረደ፥ የተቀደሰውን ቃል ለደም ማዋልስ ምን ያስፈርድ ይሆን?

ኢሳይያስ በምዕራፍ 2 ሰይፍ ማረሻ፥ ጦርም ማጭድ ሊሆን እንዳለው ተናገረ፤ ኢዩኤል ደግሞ በምዕራፍ 3 ተገላብጦ ማረሻው ሰይፍ እንደሚሆን ተናገረ። ብረቱ በሁለቱም ስፍራ ያው ብረት ነው፤ የተለወጠው የያዘው እጅ ነው። በቆላችን ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው ፈንድቶ በምድር ሳይረግፍ መታጨድ አለበት፤ ስለዚህ ከደጋ ብዙ ሰው ማጭዱን ይዞ ይወርዳል። በዚያ ወራት አገሩን የሚያኖረው መሣሪያ ማጭዱ ነው። መሣሪያ የሚለው ስም ከማንም ይልቅ የሚገባውም ለእርሱ ነው፤ ሠርዐ ከሚለው ግስ ጋር የሚስማማ ሥራ የሚሠራ እርሱ ነውና።

ወንድሞቼ ሆይ፥ በ2ኛ ጢሞቴዎስ ምዕ. 2 ቍ. 20 እና 21 በታላቅ ቤት የወርቅና የብር፥ የእንጨትና የሸክላም ዕቃ እንዳለ ተጽፏል። ሐዋርያው ሸክላው ወርቅ ይሁን አላለም፤ ዕቃው ይንጻ አለ። የሚያስከብረው የተሠራበት ነገር ሳይሆን ንጽሕናውና ጌታው የሚያውለው ሥራ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ ዕቃ የሚለውን ቃል በመጽሐፍ ስናገኝ ሳንጠይቅ አንለፈው። ምን ይይዛል? ምን ይሠራል? በማን እጅ ነው? እነዚህን ሦስቱን እንጠይቅ፤ መጽሐፉንም ከጠየቅን በኋላ ራሳችንን እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።