ሳይስሚክ ነዳጅ ዘይትን ያያልን?

በሥነ ምድር ተማሪዎች ዘንድ «ሳይስሚክ ነዳጅ ዘይትን ያያል» የሚል አነጋገር እየተለመደ ሄዷል። እኛ ግን ይህ አነጋገር ዘዴውን የሚያከብር መስሎ የሚጎዳው ሆኖ አግኝተነዋል፤ ያልሠራውን ሥራ ሠራ ስለሚያሰኘው ነው።

ዘዴው በመሠረቱ የገደል ማሚቶ ነው። ዲናሚት ይፈነዳል ወይም ከባድ መኪና መሬቱን ያንቀጠቅጣል፤ ሞገዱም ወደ ታች ወርዶ የዐለቱ ጠባይ በሚለወጥበት ድንበር ላይ ከፊሉ ይመለሳል፤ ጂኦፎን የተባለው መሣሪያ ይቀበለዋል። እ.ኤ.አ. በ1921 ካርቸርና ባልደረቦቹ በኦክላሆማ ከሞከሩት ወዲህ እጅግ ቢሻሻልም መሠረቱ ያው ነው። የሚመለሰው ሞገድ ኀይል የሚመጣው በዐለቶቹ እፍጋትና በሞገዱ ፍጥነት ልዩነት ነውና፣ የሚለካው ልዩነት እንጂ ነዳጅ አይደለም።

እርግጥ ጋዝ የያዘ አሸዋ ዐለት ሞገዱን ስለሚያዘገየው በሥዕሉ ላይ ደምቆ ሊታይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ኩባንያዎች በዚህ «ብሩህ ቦታ» ብዙ ተጠቅመዋል። ችግሩ ግን ከዚህ ይጀምራል። ጋዝ በቀላሉ የሚጨመቅ ነገር ስለሆነ፣ በዐለቱ ቀዳዳዎች ካለው ውሃ ጋር ጥቂት በመቶ እንኳ ቢቀላቀል ፍጥነቱን በብዙ ይቀንሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ጋዙ ቢበዛ ፍጥነቱ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ለገበያ የሚበቃው ጋዝና የማይረባው ትንሽ ጋዝ በሥዕሉ ላይ ወንድማማች ይመስላሉ። ዘይትማ ከውሃ ጋር ያለው ልዩነት ከጋዝ ያነሰ ስለሆነ ይበልጥ ያስቸግራል።

የሥዕሉም ጥራት ወሰን አለው። ሞገዱ በሴኮንድ 3,000 ሜትር ቢሄድና 30 ጊዜ ቢርገበገብ፣ ርዝመቱ 100 ሜትር ነው፤ ላዩና ታቹ ተለይቶ የሚታየውም ውፍረቱ የዚህ ሩብ፣ ማለት 25 ሜትር ያህል የሆነ ዐለት ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን በአላስካ ሰሜን፣ በቦፎርት ባሕር የተቆፈረው የመክለክ ጉድጓድ ነው። ሳይስሚኩ እጅግ ትልቅ ጉብታ አሳየ፤ ከዚያ ብዙም ባልራቀው በፕሩዶ ቤይ እ.ኤ.አ. በ1968 ታላቅ ሀብት ተገኝቶ ስለነበር ተስፋው በረታ። ከአንድ ቢልዮን ዶላር በላይ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ግን የተገኘው ውሃና በዐለቱ ላይ የቀረ የዘይት እድፍ ነበር። ልብ በሉ፤ ሳይስሚኩ አልዋሸም፤ ጉብታው በቦታው ነበር። ዘይቱ ግን ቀደም ብሎ ሸሽቶ ሄዷል።

«ታዲያ ያለ ሳይስሚክ በጭፍን ይቆፈር?» የሚሉን አይጠፉም። እንዲህ አላልንም። የት መቆፈር እንደሚሻል የሚነግር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አናውቅም፤ «ተገኘ» የሚለው ቃል ግን የቆፋሪው ነው። በአገራችን እንኳ፣ በኦጋዴን በካሉብ ጋዝ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1973 የተረጋገጠው ጉድጓድ ተቆፍሮ ነው። ተስፋና ግኝት በአንድ ቃል ሲጠሩ የሚጎዳው ገንዘቡን የሚያወጣውና ሥራ ይገኛል ብሎ የሚጠብቀው ሕዝብ ነው።

እኛም ከዚህ ስሕተት ንጹሓን አይደለንም። በክፍል ልምምዳችን በሠራነው ካርታ አንዱን ደማቅ ቦታ በቀይ ቀለም ሞልተን «የጋዝ ክምችት» ብለን ጽፈንበት ነበር። መምህራችን «ጉድጓዱ የታለ?» ብለው በእርሳስ ጻፉበት። ጽሑፉን ፍቀን «ሞገድ በርትቶ የተመለሰበት ቦታ» ብለነዋል።