መልሱን ሰጥቶ መንገዱን የነፈገ ጽሑፍ

4294967297 የሚገኘው በ2 32ኛ ርቢ ላይ 1 ሲደመር ነው። የሒሳብ ሊቁ ፒየር ደ ፌርማ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 ብቸኛ ቁጥሮች መሆናቸውን አይቶ፣ በዚያው ሥርዓት (የ2ን ርቢ ከ1 ጀምሮ በየጊዜው እያጠፉ 1 በመደመር) የሚከተለው ይህ ቁጥርም፣ ከእሱ ወዲያ ያሉትም ሁሉ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም ብሎ አመነ። ለዘጠና ዓመት ያህል ያስተባበለው አልተገኘም።

ያስተባበለው ሊዮናርድ ኦይለር ነው። ክርስቲያን ጎልድባክ እ.ኤ.አ. በ1729 በደብዳቤ ጉዳዩን አንሥቶለት ነበር። ኦይለር በ1732 ለሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበውና በ1738 በታተመው አጭር የላቲን ጽሑፍ፣ ቁጥሩ በ641 እንደሚካፈል ይነግረናል። እርሳስና ወረቀት ያለው ሁሉ 641ን በ6700417 አባዝቶ ማረጋገጥ ይችላል። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ የ25 ዓመቱ ኦይለር 641ን እንዴት እንዳገኘው አይናገርም። ሌላ ነገር እየሠራ ሳለ እንዳስተዋለው ጠቅሶ ያልፋል።

የተነፈግነው ዋናውን ውበት ነው። በ1750 በታተመ ሌላ ጽሑፉ እንዳስረዳው፣ የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። ስለዚህ የሚሞከሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ ከዚያም 641 ናቸው። አምስተኛው ሙከራ ላይ ነገሩ አለቀ! ዛሬ በቁጥር ንድፈ ሐሳብ መጻሕፍት የሚገኘው ማረጋገጫ ደግሞ ማካፈል እንኳ አያሻውም። 640 ከ641 በ1 ስለሚያንስ፣ 4ኛ ርቢው ለ641 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ይህ ርቢ 625 በ2 28ኛ ርቢ ተባዝቶ ነው። 625 ደግሞ 641 ሲቀነስ 16 ስለሆነ፣ በቦታው ኔጌቲቭ 16 ቢገባ ቀሪው አይለወጥም፤ ብዜቱም ኔጌቲቭ የ2 32ኛ ርቢ ይሆናል። ቀሪው 1 ከሆነ፣ የ2 32ኛ ርቢ ላይ 1 ሲደመር ያለ ቀሪ ይካፈላል ማለት ነው። 641 በአጋጣሚ የተገኘ አካፋይ አይደለም፤ በቁጥሩ አሠራር ውስጥ ያለ ነው።

መንገድን አለማሳየት ጸሐፊውንም ይጎዳል። ኦይለር እዚያው ጽሑፍ ላይ ስለ ፍጹም ቁጥሮች (ከራሳቸው በቀር ያሉት አካፋዮቻቸው ሲደመሩ ራሳቸውን ስለሚሰጡት) ሲያነሣ፣ ከ2 41ኛ እና 47ኛ ርቢ 1 ሲቀነስ የሚገኙትን ሁለት ቁጥሮች ብቸኛ ናቸው ብሎ በድፍረት መዘገበ። አይደሉም፤ የመጀመሪያው በ13367፣ ሁለተኛው በ2351 ይካፈላል። ፌርማን በነቀፈበት ወረቀት ላይ የፌርማን ስሕተት ደገመ፤ ኋላ ራሱ አርሞታል።

በመጨረሻ የደረደራቸው ስድስት ቲዎረሞች ግን ከዚህ የተሻሉ ናቸው፤ ማረጋገጫ እንደሌለው፣ እውነትነታቸውን ግን እንደማይጠራጠር በግልጽ ይናገራል። አንደኛውን፣ የፌርማ ትንሹ ቲዎረም የሚባለውን፣ በ1741 በታተመ ሥራው አረጋግጦታል። የ1738ቱን ጽሑፍ ከዚህና ከ1750ው ጋር አጣምሮ ማንበብ ይገባል፤ ለብቻው ጎደሎ ነው።