የትእዛዝ መስኮት ቀለማት

በኮምፒውተር የትእዛዝ መስኮት፣ ማለትም ተጠቃሚው ምስሎችን በመጫን ፈንታ ትእዛዙን በጽሑፍ በሚሰጥበት ሰሌዳ ላይ፣ ቀለም መምረጥ ከጌጥነት ያለፈ ሙያ መሆኑን ኢታን ስኩኖቨር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው «ሶላራይዝድ» የተሰኘ የቀለማት ስብስብ በግልጽ ያሳያል። ከ16ቱ ቀለማት ስምንቱ ለመደብና ለተራ ጽሑፍ፣ ስምንቱ ደግሞ አንዱን የጽሑፍ ክፍል ከሌላው ለመለየት ያገለግላሉ። እጅግ የሚደነቀው ግን አመራረጡ ነው፤ የቀለማቱ ድምቀት የሰው ዓይን ብርሃንን የሚያይበትን መንገድ ተከትሎ በተቀመረው «ሲላብ» በተባለ የቀለም መለኪያ ስለተሰላ፣ ተጠቃሚው መደቡን ጠቆር ካለ ሰማያዊ ወደ ፈዛዛ ቢጫ ቢለውጠውም መለያ ቀለማቱ ሳይነኩ ጽሑፉ መነበቡን ይቀጥላል። ደማቅ ነጭ ጽሑፍ በጥቁር መደብ ላይ ለለመደ ሰው ስብስቡ መጀመሪያ ላይ የደበዘዘ ሊመስለው ይችላል፤ ቅሬታው መሠረት ቢኖረውም፣ ለረጅም ሰዓት ለሚሠራ ግን ይኸው ልዝብነት ይመረጣል።