ስለ አትሌት ልብ የተለመደው አከፋፈል ሲመረመር

የረጅም ርቀት ሯጭ ልብ ውስጡ ይሰፋል፤ የታጋይና የአሎሎ ወርዋሪ ልብ ግን ግድግዳው ይወፍራል። ይህን ብዙዎቻችን በተማሪነት ዘመናችን ተቀብለን ሳንጠይቅ ይዘነዋል። ምንጩ ጆኤል ሞርጋንሮትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተሙት፣ 56 አትሌቶችን በኢኮካርዲዮግራፊ የለካ ጥናት ነው።

የጥናቱን ውለታ መካድ አይገባም። ሄንሸን እ.ኤ.አ. በ1899 የስዊድን የበረዶ ሸርታቴ ተወዳዳሪዎችን ልብ መጠን የገመተው ደረት በጣት እያንኳኳ ነበር። ሞርጋንሮት መለኪያ አመጣ፤ ምክንያትም አቀረበ፦ ሩጫ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያበዛል፣ ክብደት መግፋት ደግሞ የደም ግፊትን ያንራል፤ ልብም ለየሸክሙ ይለመዳል።

ነገር ግን አትሌቶቹ የተለኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥልጠናው ልቡን ለወጠው ወይስ ሰፊ ልብ ያለው ሰው ሯጭ ሆነ የሚለውን ጥያቄ ጥናቱ ሊመልስ አይችልም። ፔሊቻና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት፣ 947 ምርጥ የጣሊያን አትሌቶችን ባካተተው ጥናት ግድግዳቸው 13 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው 16 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህም 15ቱ ጀልባ ቀዛፊዎች፣ አንዱ ብስክሌት ጋላቢ ሲሆኑ የሁሉም ልብ ውስጡም ሰፍቶ ነበር። ይህ ከሁለቱ መደቦች በየትኛው ይገባል?

ለአከፋፈሉ ከዚህ የበለጠ ፈተና የሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሥራ ነው። ስፖርት የማይሠሩ 12 ሰዎች ለአንድ ዓመት በጽናት ልምምድ ሠለጠኑ። በመጀመሪያዎቹ 6 እስከ 9 ወራት የግራ ታችኛው የልብ ክፍል የወፈረው እንደ «ክብደት አንሺ» ነበር፤ የሰፋው ከዚያ በኋላ ነው። ቀኙ ግን ከጅምሩ እየሰፋ ሄደ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ማነሱ እውነት ነው፤ ቢሆንም ሰዎቹ በጊዜ ሂደት ተደጋግመው ስለተለኩ ማስረጃው በዚህ ረገድ ከ1975ቱ ይበልጣል።

ጉዳዩ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። አከፋፈሉን እንደ ሕግ የያዘ ሐኪም፣ ልምምድ ከጀመረ ጥቂት ወራት የሆነውን ወጣት ሯጭ ግድግዳው ትንሽ ወፍሮ ቢያገኘው ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ ነው ብሎ ከሩጫ ሊያግደው ይችላል። በአገራችን ይህ እንጀራን መንጠቅ ነው። በተቃራኒው ሁሉን «የአትሌት ልብ ነው» ብሎ ማሳለፍ ሜዳ ላይ ሞትን ሊያስከትል ይችላል። በኢሲጂም እንዲሁ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ሕመም በማይሰማው ጥቁር አትሌት ላይ፣ ጉብ ያለ የኤስቲ ከፍታን ተከትሎ ከቪ1 እስከ ቪ4 የተገለበጠ ቲ ሞገድን እንደ ጤናማ ሲቀበል፣ በቪ5ና በቪ6 ላይ ከታየ ግን ምርመራ ያዛል። («ጥቁር አትሌት» የሚለው አንድ መደብ የበቆጂን ሯጭና የካሪቢያንን አጭር ርቀት ሯጭ አብሮ መጠቅለሉ በራሱ ሌላ ትችት ይሻል።)

አጠራጣሪ በሆነው ከ13 እስከ 15 ሚሊሜትር ባለው ክልል ውስጥ ስንሆን የሚረዳን የስፖርቱ ስም አይደለም። የውስጡ ስፋት ከ55 ሚሊሜትር ማለፉ ወደ ሥልጠና፣ ከ45 ማነሱ ወደ በሽታ ያመለክታል፤ በቤተሰብ ውስጥ ድንገተኛ ሞት መኖሩ ይጠየቃል፤ ካስፈለገም ልምምዱ ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ልኬቱ ይደገማል። በማስተላለፊያ ወረቀታችን ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው «አትሌት» የሚል አንድ ቃል ነው። ስንት ወር እንደሠለጠነ፣ በሳምንት ምን ያህል እንደሚሮጥ፣ ቁመቱና ክብደቱ አብረው ካልተጻፉ ኢኮ የሚያነበው ባልደረባችን የሚመዝንበት ነገር የለውም።