«ሂድ መልስ!»

በግ ሲጠብቅ ያደገ ሰው «መልስ!» የምትለዋን ቃል አይረሳትም። አለቃችን ጉብታ ላይ ይቀመጣል፣ ጅራፉን ጭኑ ላይ ያጋድማል። በጎቹ ወደ ሰው ገብስ ሲያዘነብሉ ከታናናሾቹ አንዱን ጠርቶ «ሂድ መልስ!» ይላል፤ ታናሹም እየሮጠ ይመልሳል። እኛ የዘመሮ ዙሪያ ልጆች፣ የመንዝ ቀያ ገብርኤሎቹ፣ መጀመሪያ ያየነው መንግሥት ይኸው ነበር።

ጠፍተው ስለሚያድሩ ልጆች አንድ ልቦለድ ለመጻፍ ዓመታት ፈጅቶብኛል። የመጀመሪያው ረቂቄ አምስት እረኞች ጉም ውስጥ ሲጠፉ ይተርካል። አለቃቸውን ክፉ አደረግሁት፤ ይጮኻል፣ ይገርፋል፣ የታናናሾቹን ቆሎ ይቀማል። የቀሩትን ደግሞ በየገጹ «ፍርሃት ዋጣቸው»፣ «ልባቸው ራደ» አልኩ። አብራኝ በግ ለጠበቀችው ታላቅ እህቴ አነበብኩላት። «አንተ፣ እኛ ስንፈራ እንዲህ ነበርን?» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ረቂቁን ተውኩት።

ከዚያ እኛ ራሳችን ጉም ውስጥ የቀረንበትን ቀን ማስታወስ ጀመርኩ። ነሐሴ ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ሽቅብ መጣብን፤ ከፊቴ የነበረችው በግ ድምጿ ብቻ ቀረ። አለቃችን የ12 ዓመት ልጅ ነበር። አልጮኸም፣ ማንንም አልገረፈም። በጎቹን ሰብስቦ ቆጠረ፤ 23። ደግሞ ቆጠረ፤ 21። ሦስተኛ ሲቆጥር 24 ሆኑ። የሚቆጥረው ጮክ ብሎ ነበርና ሁላችንም ሰማን። ከዚያ ወደ አንዱ ዞረና «ሂድ መልስ» አለው። ልጁ ከባናው ሥር ቀና ብሎ አየውና ባለበት ቀረ። እምቢ እንኳ አላለም። አለቃው ትእዛዙን አልደገመም፤ ጅራፉን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠው።

አለቅነቱ ያበቃው እዚያ ላይ ነው። እኔ ግን በረቂቄ ውስጥ ጡጫና ለቅሶ ስፈልግ ነበር።

ያለ አዋቂ ደሴት ላይ ስለቀሩ ልጆች የሚተርከውን የዊሊያም ጎልዲንግን «የዝንቦች ጌታ» እንደገና ያነበብኩት ይህን ካስታወስኩ በኋላ ነው። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ጎልዲንግ ያኔ የወንድ ልጆች አስተማሪ ነበር። ብዙ አንባቢ የሚያስታውሰው የአሳማውን ጭንቅላትና ግድያውን ነው። እኔ የምመለስበት ገጽ ሌላ ነው፦ ልጆቹ ስብሰባውን ጥለው ሲበተኑ ጓደኛው አለቃቸውን ራልፍን የስብሰባ መጥሪያ የሆነውን ዛጎል እንዲነፋ ይለምነዋል። ራልፍ እምቢ ይላል። ነፍቶ ማንም ባይመጣስ? ዛጎሉ እጁ ላይ እያለ አለቅነቱ እንዳከተመ ያኔውኑ ይታያል። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ቦታ በመጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁም።

ጎልዲንግን ለመሞገት የቶንጋን ልጆች የሚጠቅሱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 በጀልባ የወጡ 6 ልጆች አታ በምትባል ሰው አልባ ደሴት ከአንድ ዓመት በላይ ኖረው በ1966 በሕይወት ተገኝተዋል። ሥራ በተራ ይሠሩ፣ እሳታቸውን ይጠብቁ ነበር፤ አንዱ እግሩ ሲሰበር አስረው አድነውታል። እኔ ሁለቱን አላጣላቸውም። የቶንጋዎቹ ልጆች ሲጠራሩ አቤት የሚባባሉ ነበሩ፤ የራልፍ ጓደኞች ያጡት ይህንኑ ነው።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ደሴት መዋስ አያስፈልገንም። የመንዝ ልጅ ገና በ6 በ7 ዓመቱ የቤቱን ሀብት ይረከባል። ጉም ውስጥ ሲቀር ከጅቡ እኩል የሚያስፈራው «በጓ ብትጠፋ ቤት ገብቼ ምን እላለሁ?» የሚለው ነው። ይህን ፍርሃት የሚያውቅ ጸሐፊ አውሬ መፍጠር አያሻውም፤ ልጁ በግ ሲቆጥር ማሳየት ይበቃዋል።

በአዲሱ ረቂቅ አለቃው ክፉ አይደለም። የሚተካውም የለም፤ በእኛም ቀን አልተተካም። እህቴ፣ ያኔ 8 ዓመቷ ነበር፣ «ጭላዳ ይጮኻል፤ ገደሉ በዚያ ነው» አለችና በጎቹ መሀል ቁጭ አለች። ጭላዳ ገደል ላይ እንደሚያድር ሁላችንም እናውቃለን። ተራ በተራ ቁጭ አልን። አለቃችንም መጨረሻ ላይ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሲመሽ አባቶቻችን ስማችንን እየጠሩ መጡ። አምስታችንም በአንድ ድምፅ «አቤት!» አልን። ቤት ስንደርስ አለቃችን ወደ እሳቱ አልቀረበም፤ አባቴ ቆጥሮ እስኪጨርስ በረቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። 23 ነበሩ።